በሸዋ በር የዋልንበት ዓርብ

ሐረርን አይቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ስለ ጀጐል ግንብ፥ ስለ ጠባቦቹ መንገዶቿና ሲመሽ ከሰው እጅ ሥጋ ስለሚቀበሉት ጅቦች ሳይናገር አይቀርም። እኛም ብዙ ጊዜ ወደዚያች ከተማ ወጥተን ይህንኑ ስንናገር ኖረናል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን ለጕብኝት ስለ ወጣንበት ቀን ሳይሆን፥ ሳናስበው ከሸዋ በር ውጭ በአንድ የመኪና መጠገኛ ግቢ ከጧት እስከ ማታ ስለ ዋልንበት አንድ ዓርብ ነው። ነገሩ ከአንድ ፒክአፕ መኪና ስለሚጐድል ውኃ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ውኃ መጕደል ምክንያት የአንድ ወጣት እንጀራ ሊጐድል ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር፥ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ቢያነቡት አይጐዱም ብለን እናምናለን።

በምንኖርበት በድሬዳዋ ከተማ እኛ በጸሓፊነት የምናገለግልበት አንድ ዕድር አለ። ይህ ዕድር ድንኳኑን፥ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን የሚያመላልስበት በናፍጣ የሚሠራ አንድ አሮጌ የቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ አለው። ሹፌሩ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማያልፍ፥ እናቱን በደመወዙ የሚጦር ልጅ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በሰባተኛ ክፍል ያስተማርነውም እኛው ነን።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ከዚህ መኪና የራዲያተር ውኃ እየጐደለ አስቸገረ። ሹፌሩ «በየማለዳው እሞላለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሊትር ያህል ይጠፋል» ሲል ነገረን። የዕድሩ ሹማምንት ግን መኪናው ባደረበት ስፍራ መሬቱን አይተው ደረቅ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ እንዲህ ብለን ፈረድን፦ ውኃው ፈስሶ ቢሆን መሬቱ በረጠበ ነበር፤ መሬቱ ካልረጠበ ውኃው አልፈሰሰም፤ ውኃው ካልፈሰሰም ልጁ ሳይሞላ ሞላሁ እያለ ይዋሻል። ሁለት ጊዜ የውኃው ማጠራቀሚያ ባዶ ሆኖ በመገኘቱም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍለት፥ በሚመጣው እሑድ ስብሰባም ከሥራው ስለ መሰናበቱ ምክር እንዲደረግ ተወሰነ። ደብዳቤውን በእጃችን የጻፍነው እኛ ነን። ጽሕፈታችንም እንደ ወትሮው የተዋበ ነበር።

በመካከሉ በከተማችን አንድ ጋራዥ ታይቶ ነበር። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ፥ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል፤ ሞተሩ መከፈት አለበት» አለን። ቴስታታ ማለት የሞተሩ ራስ ሲሆን፥ ጓርኒሲዮን የሚባለውም በራሱና በአካሉ መካከል ገብቶ ውኃውን ከዘይቱ፥ ዘይቱንም ከእሳቱ የሚለይ ስስ ንጣፍ ነው። ለሥራው የተጠየቀው ገንዘብ የዕድሩን ሣጥን የሚያራግፍ ስለ ሆነ፥ ይህም ወጪ በልጁ ቸልተኝነት የመጣ ነው ተብሎ በበደሉ ላይ ተደመረበት።

እንዲህ ባለው ሁኔታ ሳለን የአንድ አባላችን እናት ሐረር ላይ ዐርፈው ስለ ነበር፥ ለቅዳሜው ተዝካር ድንኳን ለማድረስ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከሹፌሩ ጋር ከድሬዳዋ ተነሣን። ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ዳሩ ግን ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ የደንገጎ አፋፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ መኪና የሚፈተንበት አቀበት ነው። መንገዱ እንደ ተጠመጠመ እባብ ሆኖ ዙሩን ዞሮ ሲጨርስ፥ ያለፍነው ሜዳ ከእግራችን በታች በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል።

ወደ አፋፉ ስንቃረብ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከሉ አልፎ መውጣት ጀመረ። ሹፌሩ ምንም ሳይናገር ዳር ይዞ ቆመ፤ ሞተሩንም ጥቂት በዝግታ ካሠራ በኋላ አጠፋው። እኛ የያዝነውን የውኃ ጀሪካን አንሥተን «ክዳኑን ክፈተውና እንጨምርበት» አልነው። ልጁም በትሕትና፥ «መምህር፥ አሁን ከከፈትሁት እንፋሎቱ ፊታችንን ይልጠዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ይብረድ፤ እንጠብቅ» አለን። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀምጠን አንድ ነገር ልባችንን ይከነክነው ጀመር፤ ቸልተኛ ብለን የጻፍንበት ልጅ ከእኛ ይልቅ ጥንቁቅ ሆኖ አግኝተነዋልና።

መኪናው ሲበርድ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተ፤ ሦስት ብርጭቆ የሚያህል ውኃም ጨመረ። ስንነሣ እስከ አፉ ሲሞላው በዓይናችን አይተን ነበር። ከመኪናው ሥር ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አልነበረችም።

ከደንገጎ በኋላ መንገዱ በሐረማያ በኩል ያልፋል። ስለ ውኃ መጕደል እያሰብን በመሄዳችን ይህ ስፍራ ያለ ወትሮው ነገረን። የሐረማያ ሐይቅ ለረጅም ዘመን የሐረርን ከተማ ሲያጠጣ ኖሮ፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደርቆ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሐይቁ የደረቀው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ለከተሞች በሚሳበው፥ ለመስኖ በሚቀዳውና ከተራቈቱት ተራሮች ታጥቦ በሚገባው ደለል ጥቂት በጥቂት ነው። ከዚያም ወዲህ ለሐረር የሚጠጣ ውኃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ቈላ በትልልቅ ፓምፖች ወደ ደጋው እንዲገፋ ግድ ሆነ። በኋለኞቹ ዓመታት ውኃ ተመልሶበት መታየቱ እግዚአብሔርን የሚያስመሰግን ነው። አወዳይን አልፈን ሐረር ስንደርስ ፀሓይ ጠልቃ ነበር፤ ድንኳኑን ለባለ ተዝካሩ አድርሰን፥ ስለ መኪናው ብንጠይቅ ሰው ሁሉ «ሸዋ በር ወዳሉት ሽማግሌ ሂዱ» አለን።

ሸዋ በር ከጀጐል አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ነው። ሰሜኑ ፈላና በር፥ ምሥራቁ ኤረር በር፥ ወደ ደቡብ ያሉት ሰንጋ በርና ቡዳ በር ሲሆኑ፥ ወደ ምዕራብ የሚመለከተው ይህ ነው። ወደ ሸዋ የሚያወጣው መንገድ በዚያ ስለ ሆነ በአማርኛ ይህን ስም አገኘ፤ ሐረሪዎች ግን በቋንቋቸው አስመዲን በሪ ይሉታል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸው ይታወቃል። ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በ1879 ዓ.ም. ከሸዋ የመጣው ሠራዊት ወደ ከተማይቱ ከገባ ወዲህ፥ ራስ መኰንን ሐረርን ባስተዳደሩባቸው ዓመታትና ከዚያም በኋላ፥ በዚህ በር የሚወጣውና የሚገባው ሰው ብዙ ሆነ። ለመኪና የሚሆነው ሰፊ በር የተከፈተው ከዚያ ወዲህ በኋለኛው ዘመን ነው።

ዓርብ ጧት በ2 ሰዓት ከግቢው ደረስን። ባለ ግቢው ጢማቸው የነጣ፥ ቆባቸው የነጣ፥ እጃቸው ግን በግራሶ የጠቈረ ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኞቹ ልጆች «ሐጂ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ እኛም እንደዚያው ጠራናቸው። እኛ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ጓርኒሲዮኑ ተበልቷልና ሞተሩ እንዲከፈት ነው የመጣነው» ብንላቸው፥ ሳቅ ብለው «አቦ መምህር! ውኃው ወዴት እንደ ሄደ ሳይነግረን ሰው እንዴት ይቀደዳል? ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እናንተ ደግሞ ጅብ አገር መጥታችኋል» አሉን።

ከዚያም መኪናውን ሳይነኩ ሹፌሩን ሦስት ነገር ጠየቁት፦ የሚጐድለው መቼ ነው? ስንት ይጐድላል? መጕደል ከመጀመሩ በፊትና በኋላስ ምን ተነክቶ ነበር? ልጁ ያለ ማመንታት መለሰ። የሚጐድለው በአቀበት ነው እንጂ በሜዳ ከተማ ውስጥ ጥቂት ነው፤ በሳምንት አንድ ሊትር ያህል ነው፤ የተነካ ነገር የለም፥ ነገር ግን መጕደሉ ከተሰማ በኋላ ሞተሩ ታጥቦ ነበር አለ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማን አሳጠበው?» አሉ። ዕድሩ ነበር ያሳጠበው፤ ለንጽሕና ብለን። «ውኃ የሄደበትን መንገድ ዱካ ትቶ ነበር፤ እናንተ አጠባችሁት» አሉ።

የፈተናቸውን ሥርዓት እንደ ተማሪ ቆመን ተመለከትን፤ ለቤተ ሰባችሁም ይጠቅም ይሆናልና በተራ እንነግራችኋለን። መጀመሪያ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አወጡ። ውኃ ከዘይት ጋር ቢቀላቀል ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ይነጣል፤ ዘይቱ ግን ጥቁርና ጥሩ ነበር። ሁለተኛ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን አስነሡ። እሳቱ በተበላ ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ውኃው ቢገባ፥ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ሳያቋርጥ በፈላ ነበር፤ ውኃው ግን ዝም አለ። ሦስተኛ ወደ ጭስ ማውጫው ሄደው እጃቸውን በርቀት ዘረጉ፤ ነጭና ጣፋጭ የሚሸት እንፋሎት አልነበረም። «የቴስታታው ነገር ቀረ» አሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የዕድራችን ሣጥን ከመራቆት ዳነ።

ከዚያ በኋላ በእጅ የሚነፋና መለኪያ ያለው ትንሽ ፓምፕ አምጥተው በራዲያተሩ አፍ ላይ ገጠሙ። እዚህ ላይ የክዳኑን ጥበብ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከፍ ባልን ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ፥ 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሐረር በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህም በሐረር ሽምብራ የሚቀቅሉ እናቶች ከድሬዳዋ እኅቶቻቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እሳት ያነዳሉ። የራዲያተር ክዳን ግን እንደ ጥሩ ድስት ክዳን ግፊቱን አፍኖ ይይዛል። በእኛ መኪና ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቍጥር ተጽፎበታል፤ ይህን ያህል ግፊት ሲታፈን በሐረር እንኳ ውኃው 115 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ አይፈላም። ግፊቱ የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀራል፤ ደንገጎ ላይ ያገኘንም ይኸው ነው።

ሐጂ እስከ 0.9 ድረስ ነፉና መርፌውን አዩ። መርፌው ከቆመበት ስፍራ እንደ ሰዓት ቈጣሪ ቀስ እያለ ወረደ። እንግዲህ ቀዳዳ እንዳለ ተረጋገጠ፤ የት እንዳለ ግን አልታወቀም። ማኒኮቶ የሚሏቸውን የጎማ ቱቦዎች እያጠፉ መረመሩ፤ የራዲያተሩን ስፌት በመስተዋትና በባትሪ አዩ፤ ወደ ጋቢናው ገብተው የማሞቂያው ቱቦ በሚያልፍበት በኩል ምንጣፉን ዳሰሱ፤ የማፍሰሻውን ቡሎን ነኩ። ሁሉም ደረቅ ነበር።

የቀረው በቬንቲላተሩ ጀርባ ያለው የሞተሩ ፊት ብቻ ሆነ። ሐጂ የቬንቲላተሩን መከለያና ቺንጋውን አስፈቱ፤ ያን ስፍራ በናፍጣ አጥበው በጨርቅ ካደረቁ በኋላ ዙሪያቸውን ተመለከቱና «ዱቄት ነገር ቢኖር» አሉ። በኮታችን ኪስ ውስጥ እንደ ማንኛውም አስተማሪ ሁለት ስባሪ ጠመኔ ነበረን። አወጣንላቸው። እጅግ ደስ ብሏቸው በመዶሻ ደቅቀው እንደ ዱቄት ካላሙት በኋላ፥ በፓምፑና በመጋጠሚያው ሁሉ ላይ ነሰነሱት። ያ ጥቁር ብረት እንደ ሐረር ቤት ግድግዳ ነጣ። ደግመው ግፊቱን ነፉና እጃቸውን ታጠቡ። «አሁን የጁምዓ ሰዓት ደርሷል። እኔ ልሰግድ እሄዳለሁ። ማንም እንዳይነካው። የሚቸኩል ሰው አያገኘውም፤ ጠመኔው ራሱ ይጽፈዋል» ብለውን ሄዱ።

እኛም በዚያች ሰዓት በሸዋ በር ገባን። በበሩ ዙሪያ ያለው ገበያ በዚያ ቀን ሞልቶ ነበር፤ ከገጠር የመጡት የኦሮሞ እናቶች ማገዶና አትክልት ዘርግተው፥ ሐረሪዎቹ ደግሞ በሚያምር ቀለም ተሸልመው ያልፋሉ። ከበሩ ወደ ውስጥ ጥቂት እንደ ሄድን ፈረስ መጋላ ደርሰን የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳለምን። በዚህ በ48 ሄክታር ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ የዓለም ቅርስ መዝገብ ይመሰክራል፤ ከተማይቱም በ1998 ዓ.ም. በዚያ መዝገብ ተጽፋለች። የጸሎት ጥሪው ከየአቅጣጫው እየተቀባበለ ሲሰማ፥ እኛም በደጁ ቆመን የራሳችንን ጸሎት አደረስን። ወደ በሩ ስንመለስ በአንድ ስፍራ ድንጋዮቹን የያዘው ጭቃ በዝናም ታጥቦ፥ ሠራተኞች ሲመርጉት አየን። ድንጋይና ጭቃ የሆነውን ግንብ ከውጭ የሚመጣ ጦር ብቻ አያፈርሰውም፤ በስንጥቅ የሚገባ ውኃ በየዓመቱ ካልተመረገ ከጦር ይልቅ ያፈርሰዋል።

ወደ ግቢው ስንገባ ሹፌሩ ከመኪናው አጠገብ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኛም አጠገቡ ተቀመጥን። ብዙ ጊዜ ዝም ካልን በኋላ፥ «ደብዳቤው ደርሶሃል?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም ቀና ሳይል «ደርሶኛል መምህር። ጽሕፈቱን ሳይ የማን እንደ ሆነ ወዲያው ዐወቅሁት። ሰባተኛ ክፍል ሳለን በሰሌዳው ላይ ሲጽፉ እያየሁ እርሱን ለመምሰል ብዙ ደክሜ ነበር» አለን። ጥቂት ቈይቶም «ለእናቴ አላሳየኋትም» አለ። ለዚህ ነገር የምንመልስለት አልነበረንም። ብንቈጣ ይሻለን ነበር፤ የሚቈጣን ሰው ግን አልነበረም።

ሐጂ ከሰላት ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደው ጐንበስ አሉና ጠሩን። በነጩ ጠመኔ መካከል ከውኃ ፓምፑ ሆድ ሥር ጀምሮ ወደ ታች የወረደ፥ የክር ያህል የቀጠነ፥ እርጥብ ጥቁር መሥመር ተሥሎ አየን። «ጠመኔው ጻፈ» አሉ። በመሥመሩ ራስ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ይህች ቀዳዳ ጉድለት ሳትሆን ሆን ተብላ የተበጀች ናት፤ በፓምፑ ውስጥ ውኃ የሚያግደው ቀለበት ሲያረጅ፥ ውኃው ወደ ኩሽኔታው ገብቶ ሳያበላሸው በዚያ ወጥቶ እንዲናገር የተሠራች ናት። ሐጂ የቬንቲላተሩን ክንፍ ይዘው ሲነቀንቁትም ኩሽኔታው መላላት መጀመሩ ታወቀ። «ፓምፑ አፍ አለው፤ ሲናገር ነበር። በአቀበት ግፊቱ ሲበዛ ጠብ ይላል፤ ቬንቲላተሩ ይነፋዋል፤ የሞተሩ ግለትም ያደርቀዋል። መሬት የሚደርስ ነገር የለም» አሉን። እኛ መሬቱ ደረቅ ስለ ሆነ ውኃው አልፈሰሰም ብለን የደመደምነው ነገር እንዲህ ባለ ቀላል ቃል ፈረሰ።

ፓምፑ ተፈቶ ሲወጣ ግን ከዚህ የባሰ ነገር ጠበቀን። በውስጡ በአሮጌ የሻይ ማንቈርቈሪያ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበት፥ ክንፎቹም በዝገት ተበልተው ነበር። ሐጂ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ እያደረጉ «ይህ መኪና ኩላንት አይጨመርበትም?» ሲሉ ጠየቁ። ሹፌሩ ወደ መሬት ተመለከተ። መልሱን ያውቅ ነበር፥ ነገር ግን ስለ እኛ አፍሮ ዝም አለ። እኛም መለስን፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሹፌሩ ኩላንት እንዲገዛለት ጠይቆ ነበር፤ የዕድሩ ሹማምንት ግን በድሬዳዋ በረዶ የለምና የበረዶ መከላከያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፥ የቧንቧ ውኃ ይበቃል ብለው ወሰኑ። ያን ቃለ ጕባኤም የጻፍነው እኛው ነን።

ሐጂ አልተቈጡም። «ስሙ ነው ያሳሳታችሁ» ብለው አስረዱን። ኩላንት ውኃ በረዶ እንዳይሆን ብቻ የሚጨመር አይደለም፤ ብረቱ እንዳይዝግ ይጠብቃል፤ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ የፓምፑንም ቀለበት ከመፋቅ ያድነዋል። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ኖራ የበዛበት ከባድ ውኃ መሆኑን በየቤታችን ማንቈርቈሪያ እናየዋለን። ይህ ኖራ በሞተሩ ውስጥ እየተጋገረ፥ ስባሪውም ከውኃው ጋር እየዞረ ቀለበቱን እንደ አሸዋ ሲፍቀው ኖሯል። እንግዲህ ሹፌሩን ያስከሰሰው ጠብታ መነሻው የሹፌሩ ቸልተኝነት ሳይሆን የእኛ ቍጠባ ነበር።

9 ሰዓት ሲሆን ከሐጂ ቤት ቁጢ መጣልን። ቁጢ በዚያ አገር ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ ነው። ወተት የሚጨምሩበት ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ሐጂ ግን ዓርብ መሆኑን ዐውቀው ያለ ወተት አስፈልተውልን ነበር። አዲሱ ፓምፕ ከነጓርኒሲዮኑ ተገዝቶ ገባ፤ ሞተሩም ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ ታጠበ። ከዚያም እኩሌታው የተጣራ ውኃ፥ እኩሌታው ኩላንት ሆኖ ተሞላ። ክዳኑ እንደ ተከፈተ፥ የጋቢናውም ማሞቂያ ተከፍቶ ሞተሩ በዝግታ ሠራ፤ ይህም በውስጡ የታፈነው አየር በአረፋ እየሆነ እንዲወጣ ነው። አረፋው ሲያቆም ጐደሎው ተሞላና ክዳኑ ተገጠመ። ሲበርድም ፓምፑ ደግሞ ተነፍቶ ግማሽ ሰዓት ተጠበቀ። መርፌው ከ0.9 ላይ አልተነቃነቀም።

ስንሰናበት ሐጂ የተረፈውን ኩላንት በራሱ ዕቃ አድርገው ለሹፌሩ ሰጡትና አንድ ነገር አዘዙን። እኛም በተለይ ልጆች ላሉበት ቤት ሁሉ አደራ ብለን እናስተላልፈዋለን። ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ግን ይጣፍጣል፤ ቀለሙም ሕፃናትን ይስባል። ጥቂቱ እንኳ ሕፃንን ለሞት ሊያደርስ፥ ኩላሊትንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለስላሳ መጠጥ ወይም ውኃ በነበረበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ከፍ ባለ ስፍራ ተቈልፎ ይቀመጥ። ከመኪና የወጣውም በመንገድ ዳር አይደፋ፤ ውሻና ድመት፥ ፍየልም ይልሰዋልና። የቀመሰ ሰው ቢገኝ ሕመም እስኪሰማው ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ቅዳሜ ተዝካሩ በደኅና ተፈጽሞ ድንኳኑን ጭነን ተመለስን፤ መርፌውም በመንገዱ ሁሉ ከመካከሉ አልወጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው ሲከፈት፥ ጸሓፊው እኛ ስለ ሆንን አጀንዳውን ያነበብነው እኛ ነን። ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በፊት የሁለት ዓመቱን ቃለ ጕባኤ አወጣን፤ በራሳችን ጽሕፈት «በረዶ የለም» የሚለውን ቃል ለጉባኤው አነበብን። ቀጥለንም አሮጌውን ፓምፕ ከነቅርፊቱ በጠረጴዛው ላይ አኖርነው። በመካከላችን ብዙ ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ የዕድሩ ዳኛ፥ ሽማግሌ ሰው ናቸውና፥ ከወንበራቸው ተነሥተው ልጁን «ይቅር በለን ልጄ» አሉት። ልጁም ደንግጦ ሊያስቀምጣቸው ሮጠ። ደብዳቤው እንዲሰረዝ፥ መሰረዙም ሌላ ደብዳቤ ተጽፎ ለእርሱ እንዲሰጥ ተወሰነ። ያንንም የጻፍነው እኛ ነን፤ እንደዚያ ቀን ግን እጃችን ተንቀጥቅጦብን አያውቅም። ሁለተኛውን ደብዳቤ ለእናቱ እንዳሳያት ከሰው ሰምተናል።

አሁን በመኪናው ጋቢና ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ሹፌሩ በየሰኞው ሞተሩ ሳይሞቅ የውኃውን ልክ ያይና ቀኑን፥ የተጨመረውን መጠንና የሄደበትን መንገድ ይጽፋል። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ብንሰጠው ኖሮ ክሱ ባልመጣም ነበር፤ በአቀበት ብቻ የሚጐድል መሆኑን ወረቀቱ ራሱ በነገረን ነበርና። መኪና ያላችሁ አንባብያንም ይህን ብታደርጉ ትጠቀማላችሁ። መኪና የሌላችሁ ደግሞ ልጅ፥ ሠራተኛ ወይም ጎረቤት ይኖራችኋል። በቤታችሁ አንድ ነገር ጐድሎ መሬቱ ደረቅ ሆኖ ብታገኙት፥ ሰውን ከመክሰሳችሁ በፊት ጥቂት ጠመኔ ነስንሳችሁ ጠብቁ።